አንድ የሒሳብ መዝገብ በሁለት ኮምፒውተር

የንግድ ቤታችን ሒሳብ በፒችትሪ ይሠራል። የአሠሪዬ ልጅ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ናትና፥ መዝገቡን በፍላሽ ከነፋስ መውጫ ወደ ኮሌጅዋ እየወሰደች ታርምልን ነበር፤ ይህም የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በተቋረጠ ጊዜ የጀመርነው ልማድ ነው።

አንድ ጊዜ ግን ይዛው የተመለሰችው መዝገብ በእኛ ኮምፒውተር አልከፈት አለ። የኮሌጁ ፕሮግራም አዲስ፥ የእኛው አሮጌ ነበርና፤ በአዲሱ የተቀመጠ በአሮጌው አይነበብም። እኔም ከስማዳና ከእስቴ የገዛነውን ባቄላ በቀረው ቅጂ ላይ ስመዘግብ ሰንብቼ ስለ ነበር፥ መዝገባችን ሁለት ሆነ፤ አንዱም ሙሉ አልነበረም። ከደረሰኝ ጋር እያመሳከርሁ ለማስታረቅ አራት ሌሊት ፈጀብኝ፤ የግብር ማሳወቂያውም ጊዜ ደርሶ ነበር።

አሠሪዬ ኮሌጁን ወቀሱ። በእኔ አስተያየት ግን ጥፋቱ የራሳችን ነው። መዝገብ የሚጻፍበት ኮምፒውተር አንድ ብቻ ይሁን፤ ወደ ኮሌጅ የሚሄደው ቅጂ ይመርመርበት እንጂ አይጻፍበት፤ እርማቱም በወረቀት ተጽፎ ይምጣ። አዲሱን ፕሮግራም ከኮሌጅ ገልብጦ ማምጣት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ፈቃዱ የኮሌጁ እንጂ የንግድ ቤቱ አይደለም። የሚመለሰውም ፍላሽ ከመከፈቱ በፊት በጸረ ቫይረስ ይፈተሽ።