ሕፃኑ ሥጋ አይነካም፤ መንገዱ ደግሞ ሩቅ ነው

የዛሬው ዓምዳችን ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ለሠርግ፣ ለኮንፈረንስ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ረጅም መንገድ ለምትወጡ ባለትዳሮች ነው። በተለይም ልጃችሁ ሥጋ የሚባል ነገር ወደ አፉ የማያስጠጋ ከሆነ፣ ወይም እናንተው በቤታችሁ ሥጋ ትታችሁ ከሆነ ይህን ገጽ ሳትጓዙ በፊት ብታነቡት መልካም ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ በቤቱ ብዙም አያስቸግርም። እናቱ የምትሠራለትን አልጫ ያውቃል፤ ሳህኑንና ማንኪያውንም ያውቃል። ችግሩ የሚጀምረው ሦስት አራት ሰዓት ተጉዛችሁ በአንዲት ከተማ ለምሳ ስትወርዱ ነው። አስተናጋጁ ቆሞ "ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ክትፎ አለ" ይላል። አባት "ያለውን ይብላ!" ይላል። እናት "ሚጥሚጣ ላበላው ነው?" ትላለች። ልጁ ያለቅሳል፤ በመጨረሻም ብስኩትና ሚሪንዳ ይገዛለትና ጉዞው ይቀጥላል። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት እስከ ሐዋሳ አይነጋገሩም። ጉዞ የሚበላሸው በጎማ መፈንዳት ብቻ አይደለም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከሁሉ በፊት ቀኑን ቁጠሩ። እኛ ወንጌላውያን ረቡዕንና ዓርብን ስለማንጾም ዕለቱ ምን እንደሆነ ልብ ሳንል እንጓዛለን። በአብዛኛው የአገራችን መንገድ ላይ ግን የምግብ ቤቱን ድስት የሚወስነው ይኸው ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ በየትኛዋም ትንሽ ከተማ በያይነቱ አይጠፋም፤ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ጥቅል ጎመን ሁሉ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። በአንጻሩ በእነዚሁ ቀናት በትናንሽ ቤቶች ወተትና እንቁላል ላታገኙ ትችላላችሁ። ሰኞ ወይም ሐሙስ ስትሄዱ ነገሩ ይገለበጣል። እንቁላሉ አለ፣ ወተቱም አለ፤ ወጡ ግን በሙሉ የሥጋ ነው፤ ሽሮው እንኳ ቦዘና ሆኖ ሥጋ ተከትፎበት ሊመጣ ይችላል። እንግዲህ በጾም ቀን ከሄዳችሁ እንቁላል ቀቅላችሁ ያዙ፤ በፍስክ ቀን ከሄዳችሁ አልጫውን ከቤት አስቡበት። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሻንጣ ሲታሰር ማንም አያስታውሰውም።

ወቅቱም እንዲሁ ነው። ለገና አገር ቤት የሚወርድ ሰው መንገዱን የሚሄደው ኅዳር 15 የገባው ጾም ገና ሳይፈታ ነው፤ ስለዚህ ሲሄድ የጾም ምግብ እንደ ልብ ያገኛል። ሲመለስ በዚያው ምግብ ቤት ያገኘውን የጾም ምግብ ቢጠይቅ "ጾም ተፈትቷል እኮ!" ይሉታል። ለፋሲካም ያው ነው። 55ቱ የሁዳዴ ቀናት ሥጋ የማይበላ ልጅ ይዞ ለመጓዝ የተመቹ ናቸው። ከትንሣኤ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙባቸው በዓመቱ ውስጥ በጣም አስቸጋሪዎቹ ናቸው። በዚያ ወቅት በመንገድ ላይ በያይነቱ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ከሆነ ጉዞአችሁ፣ ነገሩ በረቡዕና በዓርብ ብቻ አይወሰንም፤ ጠዋት ፉል፣ ምሳ ሰዓት ሩዝ ማግኘት ይቻላል፤ በረመዳን ግን ብዙ ቤቶች ቀን ቀን ዝግ ስለሚሆኑ ምሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሁለተኛው ጉዳይ በርበሬው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ወላጆች ለአስተናጋጁ "ለልጁ በርበሬ ቀንሱለት" ይላሉ። አስተናጋጁም "እሺ" ይላል፤ ወጡ ግን እንደ ቀላ ይመጣል። ይህ ተንኮል አይደለም። ምግብ ቤቱ ቁሌቱን ከነበርበሬው ማለዳ ሠርቶ አስቀምጦታል፤ እኩለ ቀን ላይ ከውስጡ በርበሬ መልቀም አይቻልም። ሽሮማ ጭራሽ በርበሬው አብሮት የተፈጨ ነው፤ ስለዚህ ወጥ ሠሪዋ ብትፈልግም ልታለዝበው አትችልም። ስለሆነም "ቀንሱለት" ከማለት ይልቅ ከመጀመሪያው በርበሬ የሌለበትን ነገር ስሙን ጠርታችሁ እዘዙ፦ ክክ አልጫ፣ የድንች አልጫ፣ ጥቅል ጎመን፣ የተቀቀለ ድንች። ፓስታ ስታዝዙም "በአትክልት" ወይም "በቲማቲም ብቻ" በሉ፤ ዝም ካላችሁ በሥጋ ሊመጣ ይችላል። ሾርባም ስሙ የአትክልት ይሁን እንጂ በፍስክ ቀን በሥጋ መረቅ ሊሠራ ስለሚችል መጠየቅ ነው። እንቁላል ፍርፍር ካዘዛችሁ ቃሪያውን አስቀሩ። ፉልም እንዲሁ ቃሪያና በርበሬ ከላዩ ሳይደረግበት ለብቻው ይቅረብ።

ደግሞ በያይነቱ ስታዝዙ የልጁን በጎን በትንሽ ሳህን አስቀርቡ። የሁለት ዓመት ልጅ ክኩ ከምስሩ ጋር ከተነካካበት "ቆሽሿል" ብሎ ይተወዋል። እኛ አዋቂዎች ቅብጠት እንለዋለን፤ ለእርሱ ግን ምግቡ ሌላ ምግብ ሆኖበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን አንድ ዘዴ አለ። በርበሬ የሌለበት ነጭ ሽሮ ከቤታችሁ በትንሽ ዕቃ ያዙ። ምግብ ቤት ስትገቡ በአስተናጋጅ በኩል ከማዘዝ ይልቅ እናትየዋ ራሷ ወደ ወጥ ቤት ብቅ ትበልና "እህቴ፣ ደከመሽ! ለሕፃን ነው፤ ይህቺን በሽንኩርትና በዘይት ብቻ ታንተከትኪልኛለሽ?" ትበል። ወጥ ሠሪዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ከሆኑም "እናቴ" ብላ ትጠይቃቸው። ለሕፃን ተብላ እምቢ የምትል ወጥ ሠሪ አልፎ አልፎ እንጂ ብዙ ጊዜ አታጋጥምም። ሽሮው አብሯችሁ የመጣ ቢሆንም ለከሰሉና ለድካሟ መክፈል ተገቢ ነው፤ ዱቄቱ የኛ ነው ብሎ በነጻ ማሠራት ነውር ነው።

ስለ ስንቅ ስናነሳ፣ አያቶቻችን በበቅሎና በእግር ሲጓዙ የያዙት በአብዛኛው ሥጋ አልነበረም። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ነበር። በሶ ዛሬም ለልጅ ጉዞ የሚመች ነው፤ የተቆላ ገብስ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፤ በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጦ በትንሽ ስኳር ወይም ማር መስጠት ይቻላል። ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ድርቆሹም በክክ አልጫ ወይም በሙቅ ውኃና በዘይት ሲረሰርስ ልጆች የሚወዱት ፍርፍር ይሆናል። የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ከተያዘ ለማለዳው ጉዞ ይበቃል፤ ለምሳ አታቆዩት፤ በተለይ ወተት ያለበት ከሆነ ይበላሻል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝና ጥሬ ካሮት ግን አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለልጅ አይሰጡም፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራሉ። መኪናው እየሄደ ከኋላ የተቀመጠን ልጅ ማብላትም እንዲሁ አደጋ አለው። ቢያንቀው ቶሎ አታዩትም። ስለዚህ መኪናውን አቁማችሁ አብሉት።

ከመንገድ ዳር የሚገዛው ደግሞ ራሱ ተልጦ የሚበላው ይሁን። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ እጃችሁንና ቢላዋችሁን ታጥባችሁ ራሳችሁ ላጡት። ጁስ ቤት ተሠርቶ የሚመጣው ጭማቂ ውኃው ከየት እንደተቀዳ አይታወቅም። ወተት ስታዝዙ "የፈላ ነው?" ማለትን አትርሱ። ወደ ጎጃም የምትሄዱ ከሆነ ጎሃ ጽዮን ላይ ጥቂት ብቻ አብሉት፤ ሆዱን ሞልታችሁ የአባይን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ብትወርዱ ደጀን ሳትደርሱ ሁሉንም ይመልሰዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ፤ እርሱም ዘመድ ነው። እናንተን ለመቀበል በግ ታርዷል። አያት ጉርሻ አዘጋጅተው "የልጄ ልጅ፣ በል እንካ!" ይላሉ። ልጁ ከንፈሩን ገጥሞ አንገቱን ያዞራል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች እንዳያፍሩ ሲሉ ልጁን አስገድደው ያጎርሳሉ። አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ያስፋፉት አንድ አሳብ አለ፤ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን የሚወስነው ግን ልጁ ነው። ይህ ለባህላችን እንግዳ ይመስላል፤ እኛ ጉርሻን በፍቅር የምንለካ ሕዝብ ነን። ሆኖም ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ልጆች አዲስ ምግብን መፍራታቸው የተለመደ የዕድገት ጠባይ ነው፤ አንድን ምግብ ለመቅመስ ደግመው ደጋግመው ማየት ያስፈልጋቸዋል፤ በኃይል የጎረሱትን ግን ይበልጥ ይጠሉታል።

ስለዚህ ባልና ሚስት ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። ዘመዱ የባል ከሆነ ባል፣ የሚስት ከሆነ ሚስት አስቀድማችሁ ስልክ ደውላችሁ "እማዬ፣ ልጁ ሥጋ አልለመደም፤ አንቺ የምትሠሪውን ክክ ግን ይወዳል" በሉ። እንዲህ ሲባል እናት አይቀየሙም፤ እንዲያውም ሥራ ተሰጣቸው። ምራት ራሷ በማዕዱ ፊት "አይበላም" ብትል ግን ነገሩ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አያት ኦርቶዶክስ ከሆኑና ጊዜው የጾም ከሆነ እርሳቸው የልጃችሁ ዋና ባለውለታ ናቸው፤ የሚበላው ነገር በቤታቸው አስቀድሞ ተሠርቷል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ስለማይጾምም ወተት ቢፈላለት አይከፋቸውም። የሚከፋቸው በጾም ድስታቸው ሲፈላ ነው። ስለዚህ የልጁን ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለብቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳትጠየቁም ለብቻ እጠቡት። ለመስቀል ወደ ጉራጌ የምትወርዱም ክትፎው ቢያስፈራችሁ ከጎኑ ዓይብና ጎመን ክትፎ አለ፤ ሚጥሚጣው ሳይገባ ለልጁ አስቀንሱለት። የቡላ ገንፎም በበኩሌ ለጥርስ አልባም ለጥርሰኛም የሚሆን ጥሩ ምግብ ነው እላለሁ።

አንዳንድ እናቶች "ሳምንቱን ሙሉ በሙዝና በዳቦ ሊኖር ነው?" ብለው ይጨነቃሉ። ጤነኛ ልጅ ለጥቂት ቀናት ሁለት ሦስት ዓይነት ምግብ ብቻ ቢበላ አይጎዳም። የሚጎዳው ውኃ ማጣት ነው። አፉ ከደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ለስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ካልሸና፣ ወይም ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስ በእሽጉ ላይ እንደተጻፈው በጥብጣችሁ ስጡት፤ ጉዞውንም አቋርጣችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከጉዞ ውጭ ባለው ጊዜ ግን ሥጋ የማይበላ ልጅ ብረት እንዳያጥረው ምስር፣ ሽምብራና ጤፍ ከብርቱካን ወይም ከቲማቲም ጋር ይሰጠው፤ ሻይ ከምግብ ጋር አይጠጣ፤ ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። እንቁላልና ወተትም የማይነካ ከሆነ ቫይታሚን ቢ12 ስለሚጎድለው ሐኪም አማክሩ።

በአውሮፕላን ለምትሄዱ አንድ ቃል ልጨምር። አየር መንገዶች የልጅ ምግብ የሚሉት ብዙ ጊዜ ዶሮ አለበት። የአትክልት ምግብ የምትፈልጉ ከሆነ ትኬት ስትቆርጡ፣ ቢዘገይ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት አስመዝግቡ፤ ተሳፍራችሁ ብትጠይቁ አስተናጋጇ ያላትን ከመስጠት በቀር የምታደርገው ነገር የለም። ዘገይታችሁ ከሆነም ከቤት የተቀቀለ ድንችና ዳቦ በምሳ ዕቃ አስይዙ፤ ደረቅ ምግብ ለሕፃን ይዞ መግባት ይቻላል።