ባለቤቱ የበዛ ሐይቅ

የአዋጅ ቁጥር 197/1992ን አማርኛ አልጠላውም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ ይሆናል፣ ሕግም የማነበው እንደ ድርሰት ነው። የአገሪቱ ውሃ በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ያምራል! ግን ዘበኛው ማነው?

ሐረማያ (የድሮው አለማያ) ይመስክር። አዋጁ በወጣ በአምስት ዓመቱ፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ማን ጠጣው? ባለቤቶቹ ናቸዋ! ሕዝቡ በሞተር እየሳበ ጫቱንና አትክልቱን አጠጣበት፤ መንግሥትም በቧንቧ ወደ ሐረር ወሰደው። ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለል ደግሞ የተረፈውን ጉድጓድ ሞላው።

ጣቱን ገበሬው ላይ ብቻ የሚቀስር ምሁር ያናድደኛል። ሰውየው ጫት የሚያጠጣው ልጆቹን ሊያበላ ነው፤ እሱ ቢተወው ጎረቤቱ ይስበዋል። ታዲያ ምን ቆርጦት ይተው?

ሕጉ በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ አይጠይቅም። ደግ አደረገ፤ ድሃን በማመልከቻ ማንከራተት ነውር ነው። ሞተር ግን ከመቼ ወዲህ ነው ባህላዊ የሆነው? ፈቃድ ያስፈልገዋል ከተባለስ፣ የጎረቤቱ ሞተር ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ገበሬው በምን ያውቃል? የጋራ ሀብት ከሆነ የጋራው መዝገብ ይነበብለት! ማን ተፈቀደለት፣ ስንት ይስባል፣ እስከ መቼ የሚለው ዝርዝር ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። ከተሞቹ የሚወስዱትም አብሮ ይጻፍ እንጂ፤ መንግሥት ሲጠጣ ውሃው አይጎድልም እንዴ?

በቅርብ ዓመታት ውሃው ወደ ሐረማያ ተመልሷል። ዝርዝሩ ከሞተሩ ቀድሞ ይድረስ።