«የሽማግሌ ጉበት ለልጄ?»

የዛሬዋ ጠያቂያችን የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ወንድሟ አሜሪካ ይኖራል። ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየ ሄፓታይተስ ቢ ጉበቱን ጨርሶበት የንቅለ ተከላ ወረፋ ይዟል። ሰሞኑን ሐኪሞቹ «የሽማግሌ ጉበት፣ ስብ የያዘ ጉበት ወይም ሄፓታይተስ ሲ ካለበት ለጋሽ የመጣ ጉበት ቢገኝ ትቀበላለህ?» ብለው እንዲፈርም ጠይቀውታል። እናት ይህን ሲሰሙ «የሽማግሌ ጉበት ለልጄ? ስደተኛ ስለሆነ ውዳቂውን ሊሰጡት ነው!» ብለው እህል አልቀምስ ብለዋል። «ይፈርም ወይስ እምቢ ይበል?» ትላለች እህት።

እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አንብቤ የተረዳሁትን ነው የማካፍልሽ። መጀመሪያ ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው፤ ነጩም ጥቁሩም እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል። ምክንያቱ እጥረት ነው። ኩላሊት ሲደክም እጥበት አለ። ጉበት ሲደክም ግን ሰውን ለዓመታት የሚያቆይ ማሽን የለም። ስለዚህ ድሮ ይጣል የነበረውን ጉበት ዛሬ መርምረውና መርጠው ይተክሉታል።

ሽማግሌነቱ ብቻውን አያስፈራ። ጣሊያንና ስፔን ውስጥ ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው ለጋሾች ጉበት ጭምር ተተክሎ ሠርቷል። ስቡም ቢሆን ጥቂት ከሆነ ችግር የለውም፤ ከ60 በመቶ ካለፈ ግን ጉበቱ ሥራ አልጀምር ሊል ስለሚችል አብዛኛውን ጊዜ ይተዉታል። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ከ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በመጡት የሚዋጡ መድኃኒቶች ከመቶ ሰው ከ95 በላይ የሚሆነው በወራት ውስጥ ይድናል። አሁን አሁንማ ጉበቱን ከመትከላቸው በፊት ማሽን ላይ አድርገው ደም እያዘዋወሩበት ሐሞት ማመንጨቱን የሚያዩበት ዘዴ አለ።

አደጋ የለውም እያልኩሽ አይደለም። ልቡ ከቆመ በኋላ ከተወሰደ ለጋሽ የመጣ ጉበት፣ ለምሳሌ፣ የሐሞት ቱቦው ኋላ ሊጠብ ይችላል። ዋናው ጥያቄ ግን «ይህ ጉበት ፍጹም ነው ወይ?» አይደለም። «ይህን መቀበል ይሻለዋል ወይስ መጠበቅ?» ነው። እዚያ አገር የሕመሙ ክብደት ከ6 እስከ 40 በሚደርስ ነጥብ ይለካል። የወንድምሽ ነጥብ ዝቅተኛ ከሆነ የተሻለ እስኪመጣ መታገሱ ሊያዋጣው ይችላል። ከፍ ያለ ከሆነ ግን ያ ምርጥ ጉበት «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆንበታል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ወረፋ ላይ እያሉ ከሞቱት ወይም ለቀዶ ጥገና እስከማይሆኑ ከደከሙት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጉበት ቀርቦላቸው ሳይተከል አልፏቸዋል።

ስለዚህ ወንድምሽ ከመፈረሙ በፊት ሐኪሞቹን ይጠይቅ። «ነጥቤ ስንት ነው? ብጠብቅ ምን ያህል ዕድል አለኝ? እናንተ እንዲህ ያለ ጉበት ስትተክሉ ውጤታችሁ እንዴት ነው? የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቱን ኢንሹራንሴ ይከፍላል?» ይበል። መልሱን ካሁኑ ይወቀው፤ ጉበት ተገኘ ተብሎ ሌሊት ሲደወል የቤተሰብ ጉባኤ መጥሪያ ጊዜ የለም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሄፓታይተስ ቢ በወሊድ ከእናት ወደ ልጅ፣ በአንድ ቤት በሚኖሩ ሰዎች መካከልም ይተላለፋል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ለሌለበት ክትባት፣ ላለበትም መድኃኒት አለ። እህቴ፣ አንቺና እናትሽስ ተመርምራችኋል?