«ከሁለቱም አይደለሁም»

የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስትር ሊንዳ ማክማሆን ጁላይ 10 ቀን 2025 በወጣው መግለጫቸው፣ በፌዴራል ገንዘብ የሚሰጥ የድኅረ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለዜጎች እንጂ ለሕገ ወጥ ስደተኞች ሊውል አይገባም አሉ። ለፍቶ አዳሪው ግብር ከፋይም ከእንግዲህ የሕገ ወጦችን የሙያና የጎልማሶች ትምህርት ወጪ እንደማይሸፍን አከሉ። ዜጋ እዚህ፣ ሕገ ወጥ እዚያ። አፍ የሚሞላ አነጋገር ነው። ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ ሬንተን ከተማ ሲደርስ ግን አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ወረቀቱ ፔንዲንግ የሆነበት ሰው ከየትኛው ወገን ነው?

እንዲህ ያለ ሰው በሬንተን ብርቅ አይደለም። በተማሪ ቪዛ መጣ፤ የሚከፍለው ሲያጥረው ትምህርቱን አቋረጠ፤ ዜጋ አግብቶ የግሪን ካርድ ማመልከቻ አስገባ። አሁን ወርክ ፐርሚት አለው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አለው፣ ሲታክ ኤርፖርት ሠርቶ ከየደመወዙ የፌዴራል ግብር ይቆረጥበታል። ወደ ኮሌጅ ልመለስ ቢል የሚከለክለው ሕግ የለም፤ ማመልከቻው በሂደት ላይ ያለ ሰው መማር ይችላል። የቸገረው ክፍያው ነው። የፌዴራሉን የፋይናንሻል ኤይድ ቅጽ፣ ፋፍሳን ይከፍታል። ዜግነትን የሚመለከተው ጥያቄ ሦስት ምርጫ አለው፦ ዜጋ ነኝ፣ ብቁ የውጭ ዜጋ ነኝ፣ ከሁለቱም አይደለሁም። የእሱ መልስ ሦስተኛው ነው።

በእጁ ያለው ማስረጃ አይ-797ሲ የሚባለው ደረሰኝ ነው። ለማመልከቻው 1,440 ዶላር ከፍሎ ያገኘው ይህ ወረቀት፣ ምንም ዓይነት የመኖሪያ መብትም ሆነ ጥቅም እንደማይሰጥ በትላልቅ ፊደላት ተጽፎበታል። ቢያንስ ወረቀቱ አይዋሽም።

የሚኒስትሯ መግለጫ ግን እንዲህ ግልጽ አይደለም። ዝቅ ብሎ፣ ገንዘቡ ለዜጎችና «በሕጋዊ መንገድ ገብተው የፌዴራሉን መስፈርት ለሚያሟሉ» እንደሚጠበቅ ይናገራል። የሬንተኑ ሰው በሕጋዊ መንገድ ነው የገባው። መስፈርቱ ደግሞ በ1996 በወጣው ሕግ የተዘረዘረው ነው፦ ግሪን ካርድ የያዘ፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት፣ በስደተኛነት ተመዝግቦ የገባ፣ ቢያንስ ለ1 ዓመት ፓሮል የተሰጠው እያለ ይቀጥላል። ማመልከቻ አስገብቶ መልስ መጠበቅ ብቻውን እዚህ ዝርዝር ውስጥ አያስገባም። እናም መግለጫው በር የዘጋው በሕገ ወጡ ላይ ብቻ አይደለም፤ ራሱ መንግሥት «ጠብቅ» ባለው፣ ወርክ ፐርሚት በሰጠው፣ ግብር በሚሰበስብበት ሰው ላይም ነው። ያ ለፍቶ አዳሪ ግብር ከፋይ እሱም መሆኑ የታሰበ አይመስልም።

የባሰው የሕግ አተረጓጎሙ ነው። የ1996ቱ ሕግ የሚከለክለው ለግለሰብ ወይም ለቤተሰብ ክፍያ ወይም እርዳታ የሚሰጥበትን ጥቅም ነው። ሚኒስቴሩም በ1997 በጻፈው ደብዳቤ የሙያና የጎልማሶች ትምህርትን ከዚህ ክልከላ ውጭ አድርጎ ነበር። ማታ እንግሊዝኛ ክላስ ገብቶ ለሚወጣ ሰው በእጁ የሚሰጠው ገንዘብ የለምና። ይህ አተረጓጎም 28 ዓመት ኖረ፤ የሁለቱም ፓርቲ ፕሬዚዳንቶች አልነኩትም፣ ትራምፕም በመጀመሪያው ዘመናቸው እንዳለ ነው የተዉት። ለካ ደብዳቤው አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው። የተሻረበት ጁላይ 10 ሐሙስ ነበር።

የተፈቀደና የተከለከለ የሚለው ክፍፍል በዋሽንግተን ኮሌጆች ውስጥ እንዴት ሊሠራ እንደሚችልም ማሰብ ያስቸግራል። አይ-ቤስት የሚባለው የዚሁ ክፍለ ግዛት ፕሮግራም እንግሊዝኛንና ሙያን አንድ ላይ ያስተምራል፤ አንዱ መምህር ሙያውን፣ ሌላው ቋንቋውን ይዘው አንድ ክፍል ይገባሉ። ሲኤንኤ (የነርስ ረዳትነት) የሚማር ሰው የደም ግፊት አለካኩንና የሚናገርበትን ቃል በአንድ ሰዓት ነው የሚቀስመው። የትኛው ደቂቃ ነው የተከለከለው ጥቅም? ሬንተን ቴክኒካል ኮሌጅ ራሱ በ1942 የተቋቋመው ለጦርነቱ ምርት ባለሙያ እንዲያፈራ ነበር፤ በጦርነቱ ዓመታት ቦይንግ ሬንተን ላይ ቢ-29 ቦምብ ጣይ ሲሠራ እጅ ያጥረው ነበር። የሙያ ትምህርት ለተማሪው የሚጣል ምጽዋት ነው ያለ አልነበረም።

ክፍለ ግዛቱ በሌላ መንገድ ሄዷል። በ2003 ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎች እንደ ነዋሪ እንዲከፍሉ የሚያስችል ሕግ አወጣ፤ በ2014 የራሱን የገንዘብ እርዳታም ከፈተላቸው። ፋፍሳ ላይ «ከሁለቱም አይደለሁም» ያለ ሰው ዋስፋ የሚባለውን የክፍለ ግዛቱን ቅጽ ይሞላል። የዋሽንግተኑ ዐቃቤ ሕግ ኒክ ብራውንም ከሌሎች ክፍለ ግዛቶች ጋር ሆነው ሚኒስቴሩን ከሰሱ፤ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 የሮድ አይላንድ ፌዴራል ዳኛ ሜሪ መኬልሮይ የሚኒስቴሩ አዲስ አተረጓጎም በከሳሾቹ ግዛቶች እንዳይተገበር አገዱ። ጊዜያዊ እግድ ነው።

የሬንተኑ ሰው ሒሳብ ግን ፍርድ ቤት አላለቀም። እስከ 5 ዓመት ይሰጥ የነበረው ወርክ ፐርሚት ከዲሴምበር 5 ቀን 2025 ጀምሮ ለእንደሱ ዓይነት አመልካች ወደ 18 ወር አጥሯል። እድሳት ሲጠየቅ ካርዱ በራሱ ይራዘም የነበረበት አሠራርም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር መጨረሻ ቀርቷል። አዲሱ ካርድ ቢዘገይ ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ከቆመ የኳርተሩ ክፍያ ከየት ይመጣል? ለምሳሌ የነርሲንግ ትምህርት፣ ቅድመ ሁኔታ የሆኑት ክላሶች ሳይቆጠሩ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ካርዱ 18 ወር ነው። ለሚቀጥለው ኳርተር ይመዝገብ ወይስ ግሪን ካርዱን ይጠብቅ ብሎ የሚያማክራቸው ወዳጆቹ እስካሁን አልተስማሙም።