የባልትና ዐምድ፦ የጾም ሩዝ በታይላንዶች አሠራር

በጾም ወራት የቤት እመቤትን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስባት «ዛሬስ ምን ልሥራ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሽሮው ትናንት ቀርቧል፤ ምስሩም ከትናንት በስቲያ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነውና ለለውጥ ያህል አንድ የሩቅ አገር ምግብ እናሳያችኋለን። ይኸውም ታይላንዶች «ካኦ ፓት» የሚሉት የተጠበሰ ሩዝ ነው፤ እኛ የምንሠራው በአታክልት ብቻ ነው።

ይህ ሙያ በተለይ ለደባርቅና ለአምባራስ ባለሙያዎች ይጠቅማል። የስሜንን ተራሮች ለማየት ከሚመጡት እንግዶች መካከል ሥጋ፥ እንቁላልና ወተት ጨርሶ የማይቀምሱ አሉ። አብሯቸው የሚወጣው ምግብ አብሳይ ይህን ሲሰማ ሊደነግጥ አይገባውም፤ እናቱ በየረቡዕና በየዓርቡ ስትሠራው የኖረችው ይህንኑ ነውና። ሩዙም ቢሆን ከጎንደር በስተደቡብ ከፎገራ ሜዳ ይገኛል።

ችግሩ ያለው ከከፍታው ላይ ነው። አምባራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ90 ዲግሪ ግድም ይፈላል። እሳቱ ቢጨመርበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ስለዚህ በቆላ በሩብ ሰዓት የሚበስለው ሩዝ እዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። የቸኮለ ሰው ሩዙን ሲያወጣው ላዩ ፈርሶ ልቡ ጥሬ ሆኖ ያገኘዋል። ዘይት ግን እንደ ውሃ አይደለም፤ በደጋም በቆላም እኩል ይግላል። ሩዙ አስቀድሞ ከተቀቀለ ጥብሱ ከተራራው ላይ በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል፤ እንጨትም ይቆጥባል።

ለአራት ሰው የሚያስፈልገው፦ 2 ብርጭቆ ሩዝ፥ 1 ካሮት፥ ሩብ ጥቅል ጎመን፥ 1 ሲኒ እሸት አተር፥ 2 ቃሪያ፥ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፥ ጥቂት ዝንጅብል፥ የሽንኩርት ቅጠል፥ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፥ 2 የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ሶስ፥ 1 ሎሚ።

አሠራሩ፦ ሩዙን አጥባችሁ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ውሃውን አፍስሳችሁ በ3 ብርጭቆ ተኩል አዲስ ውሃ፥ ክዳኑን ገጥማችሁ በለስላሳ እሳት ቀቅሉት። ፍሬውን በጣት ደፍጥጣችሁ ልቡ መብሰሉን እዩ። ከዚያ ከትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ሲቀዘቅዝም ሸፍናችሁ ወዲያው ከማቀዝቀዣ አግቡት። ለብ እንዳለ በድስት ማሳደር ፈጽሞ አይገባም፤ በውስጡ የሚፈጠረው መርዝ ዳግመኛ ቢጠበስም አይጠፋምና እንግዳውን በሆድ ሕመም ይጥላል። ማቀዝቀዣ የሌለው በዚያው ቀን ቀቅሎ፥ አቀዝቅዞ ወዲያው ይጥበሰው።

ለጥብሱ መጥበሻውን በደንብ አግሉና ዘይቱን ጨምሩ። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ከትፋችሁ ጥቂት አማስሉ፤ እንዳያርም ተጠንቀቁ። ከባዱን ካሮትና አተር አስቀድሙ፥ ጎመኑንና ቃሪያውን አስከትሉ። አታክልቱ ገና ኮሽ ሲል ሩዙን በትናችሁ ጨምሩና በኃይል አገላብጡ። ሁሉን ባንድ ጊዜ አታጭቁ፤ መጥበሻው ከሞላ እንፋሎቱ ጥብሱን ወደ ገንፎ ይለውጠዋል። ሁለት ጊዜ ከፍሎ መጥበስ ይሻላል። በመጨረሻም ሶሱን ከመጥበሻው ዳር አፍስሱ፤ ሶሱ ጨዋማ ነውና ጨው ሳትቀምሱ አትጨምሩ።

ታይላንዶች አብዛኛውን ጊዜ እንቁላልና ከዓሣና ከጨው የተጠመቀ ቅመም ይጨምሩበታል። ለጾመኛና ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ለማይበላ እንግዳ ግን ሁለቱም ይቅሩ። የቅቤ መጥበሻም እንዲሁ ከዚህ ሥራ ይራቅ። በታይላንድም ቻይናዊ ዘር ያላቸው ሰዎች በየዓመቱ ለዘጠኝ ቀን ሥጋ፥ እንቁላልና ወተት ትተው ይጾማሉ፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይቀምሱም። እንግዲህ የጾም ባልትና የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሲቀርብ የሽንኩርት ቅጠልና ጥቂት እርጥብ በሶብላ ነስንሱበት፤ በሶብላችን እነርሱ ከሚወዱት ቅጠል ጋር ዘመድ ነው። ሎሚውን ቆርጣችሁ ከጎኑ አኑሩ። ትኩስ እንዳለ ይበላ፤ የስሜን ብርድ ጥብስን አይጠብቅምና። መልካም ማዕድ!