ሰዓትን ከጥላ እንማር

አንድ ጓደኛችን በፈተናው ወረቀት ላይ «8 ሰዓት» የሚል አይቶ ከምሳ በኋላ መጣ፤ ፈተናው ግን በእኛ አቈጣጠር ጧት በ2 ሰዓት ተጀምሮ አልቋል። ሰነፍ ተባለ፤ እኔ ግን ጥፋቱን የእርሱ ብቻ አላደርገውም። የተማርነው «6 ቀንስ፥ 6 ደምር» የሚለውን ነው እንጂ፥ እኛ ከንጋት፥ ብዙው ዓለም ከእኩለ ሌሊት እንደሚቈጥር ማን አስረዳን?

አያቶቻችን ጥላቸውን በጫማ ሰፍረው ሰዓት ያውቁ ነበር። እኛም ሜዳ ላይ ዘንግ ተክለን ብንለካ፥ አዲስ አበባ ላይ ጥላው እጅግ የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን በአማካይ 25 ደቂቃ ዘግይቶ መሆኑን እናያለን። ሰዓታችን የተሰላው በ45ኛው የኬንትሮስ መስመር ነውና፤ ከተማችን ከዚያ በስተምዕራብ 6 ዲግሪ ከሩብ ያህል ትርቃለች፥ ለአንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይታሰባል። ይህን መምህር በቃል ቢነግረን እስከ ፈተና ድረስ ብቻ እናስታውሰዋለን።

ዘንጉን እኔ አመጣለሁ፤ ሜዳውን ትምህርት ቤታችን ይፍቀድልን።