ካርቶኑ «ፎርኬ» ይላል፤ የገለጉ ግድግዳ ግን አይዋሽም

የዓለም ዋንጫ ሰኔ 4 ቀን 2018 ዓ.ም ይጀመራል። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ በጋራ ያዘጋጁታል፤ 48 ቡድኖች፣ 104 ጨዋታዎች። ፍጻሜው ሐምሌ 12 ነው። ጣጣው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ኒውዮርክ ላይ በእኛ አጠራር ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ማታ 4 ሰዓት ነው። እዚያ ማታ 3 ሰዓት ላይ የሚጀመር ጨዋታ ደግሞ እኛ ጋ ሌሊት 10 ሰዓት፣ ዶሮ ሊጮህ ሲል ይሆናል።

አዲስ አበባ ያለ ልጅ ሰፈሩ ውስጥ ካለው ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ሊያይ ይችላል። ገለጉ፣ ገንዳ ውኃ ወይም መተማ ዮሐንስ ላይስ? ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ማታ ወጥቶ መግባትን ከባድ አድርጎታል። ኳስ ለማየት ብሎ ሌሊት መንገድ ላይ የሚገኝ ልጅ እናቱን እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ ሦስት አራት ጓደኛሞች ብር አዋጥተው ለቤት የሚሆን ርካሽ ፕሮጀክተር ቢያስቡ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ቤት ሆኖ አብሮ ለማየት የቀረ መንገድ ነው።

ችግሩ ያ የተዋጣ ብር ምን ይገዛል የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ መውጣቱን ቀጥሏል። ፕሮጀክተር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ያው ዕቃ በብር ሲሰላ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ የገዢው ኪስ ግን እጥፍ አልሆነም። እንዲህ ሲሆን ገበያው የሚሞላው በሁለት ነገር ነው፦ በውስጡ ርካሽ በሆነ ዕቃና ካርቶኑ ላይ በተጻፈ ትልቅ ቃል።

የመጀመሪያው ትልቅ ቃል «ፎርኬ» ነው። ትንንሽ ጽሑፉን አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ «ፎርኬ ይቀበላል» ነው የሚለው። መቀበልና ማሳየት ይለያያሉ። አንድ ኩንታል ሰሊጥ ወደ ጣሳ ብትገለብጡ የሚቀረው ጣሳው የያዘው ብቻ ነው። ፕሮጀክተሩም ፎርኬ ምስል ተቀብሎ በራሱ ጣሳ ልክ ያሳንሰዋል። የጣሳው ልክ «ኔቲቭ ሪዞሉሽን» ይባላል፤ ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ ይህንን ነው። 1920 በ1080 ከሆነ ምስሉ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ ሙሉ ኤችዲ የሚባለው እሱ ነው። 1280 በ720 ከሆነ 921,600 ነጥብ ነው፤ ከግማሽ በታች። 800 በ480 ከሆነ ደግሞ 384,000 ብቻ ነው፤ ግድግዳ ላይ ሲዘረጋ የተጫዋቹ ማሊያ ቁጥር አይነበብም። ሦስቱም ካርቶን ላይ ግን ያው «ፎርኬ» ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ትልቅ ቃል «ሉመን» ነው፤ የብርሃን መጠን። መዳፍ ላይ የሚያርፍ ፕሮጀክተር «9000 ሉመን» ሲባል አትመኑ። የሚታመነው «አንሲ ሉመን» ወይም «አይኤስኦ ሉመን» ተብሎ የተጻፈው ነው፤ ምስሉ ላይ በዘጠኝ ቦታ ተለክቶ የሚወጣ ቁጥር ስለሆነ። በዝቅተኛው ዋጋ የሚሸጡት ትንንሾቹ ሐቀኛ ቁጥራቸው ሲወጣ ብዙ ጊዜ 200 አካባቢ ነው።

200 ምን ያህል ነው? እናስላው። በጨለማ ክፍል ውስጥ 200 አንሲ ሉመን ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ፣ የሲኒማ ቤት ያህል ድምቀት የሚሰጠው እስከ 70 ኢንች ድረስ ነው። ወደ 100 ኢንች ሲለጠጥ ያው ብርሃን በእጥፍ ስፋት ይበተናልና ምስሉ ግማሽ ያህል ይደበዝዛል። ስለዚህ ሦስተኛው ትልቅ ቃል፣ «200 ኢንች ያወጣል» የሚለው፣ ውሸት ባይሆንም ጥቅም የለውም። ያወጣል፤ ግን አይታይም።

እዚህ ላይ የዓለም ዋንጫው ሰዓት ለአንድ ጊዜ ይረዳናል። አብዛኛው ጨዋታ ማታና ሌሊት ስለሆነ ጨለማው በነፃ ይገኛል። አምፖሉን አጥፉ፣ ምስሉን 70 ኢንች ላይ አቁሙ፤ ትንሹ ፕሮጀክተር ይበቃችኋል። ቀን ላይ በር ከፍቶ ድራማ ለማየት ለሚያስብ ግን አይሆንም። ለዚያ ከ2000 ሉመን በላይ የሆነ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ሌላ ነው። ያንን ያህል ብር ያለው ሰው ቴሌቪዥን ቢገዛ ይሻለዋል። ሁለት ሰው ብቻ ለሚያይበት ቤትም እንደዚያው፤ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ቀንም ማታም ይሠራል፣ ማራገቢያው አይጮህም። ፕሮጀክተር ትርጉም የሚኖረው ቤቱ በሰው ሲሞላ ነው።

አሁን ወደ ቆላው እንምጣ። አብዛኛው ፕሮጀክተር ከ35 ወይም ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት እንዳይሠራ መመሪያው ላይ ተጽፎበታል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የመተማና የቋራ ቀን ከዚያ ያልፋል። ክረምቱ ቢያበርደውም ዕቃው የሚገዛው ለአንድ ወር አይደለም። ከዚያ አቧራው አለ። በየወሩ የምትከፍቱትና የምታጸዱት የአየር ማጣሪያ ከሌለው አቧራው መስተዋቱ ላይ ይቀመጣል፤ ምስሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ስለዚህ «ውስጡ የታሸገ» የሚባለው ዓይነት ለእኛ አገር ከ«ፎርኬ» ጽሑፍ ይበልጣል።

መብራቱም አለ። ሁለት ዓይነት ብርሃን ሰጪ እናወዳድር፦ አሮጌው ትልቅ አምፖልና ኤልኢዲ። ያገለገለ የቢሮ ፕሮጀክተር በርካሽ ተገኘ ተብሎ ይመጣል፤ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ግን አምፖሉ ዕድሜው በሺህ ሰዓታት የተቆጠረ ነው፣ ምትኩም ገለጉ ሱቅ ውስጥ አይገኝም። ደግሞ መብራት ድንገት ሲሄድ ማራገቢያው ይቆማል፤ የጋለው አምፖል ሳይበርድ ይቀርና ዕድሜው ያጥራል። ኤልኢዲው ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። ፍጆታውም ይለያያል። 60 ዋት የሚወስድ ኤልኢዲ ለሦስት ሰዓት 180 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ባለ 100 አምፒር ሰዓት የሶላር ባትሪ ያለ ጭንቀት ይሸከመዋል። 300 ዋት የሚወስደው ባለ አምፖሉ 900 ይፈልጋል፤ ያው ባትሪ ሊጠናቀቅ ይደርሳል። ሦስት ሰዓት ያልኩት ጭማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ስላለ ነው።

ትንሽ የሚመስሉ ሦስት ነገሮች ልጨምር። ድምፅ፦ ክረምት ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ የፕሮጀክተሩ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አይሰማም። የውጭ ስፒከር አስቡ። ስልክ፦ ከስልክ ወደ ፕሮጀክተር ማስተላለፍ ኔትወርኩ ሲደክም ይቆራረጣል፤ አንዳንድ የክፍያ መተግበሪያዎች ደግሞ በዚህ መንገድ ምስላቸውን ይዘጋሉ። የዲሽ ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ገመድ መሰካት ይሻላል። ጣቢያው ራሱ ኤችዲ ካልሆነ ግን 1080 ፕሮጀክተር ተአምር አይሠራም። ግቢ፦ አንሶላ ወጥሮ ደጅ ማየት ያምራል፤ ግን የወባ ትንኝም፣ ካላዛር የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም የሚናከሱት ማታ ነው። ቤት ውስጥ እዩ።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ፣ አሳሳች ማስታወቂያ እንዳይደረግበት ይደነግጋል። እንከን ያለበት ዕቃ ሲገጥመውም ምትክ ወይም ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን ደረሰኝ የማይሰጥ፣ ሱቅ የሌለው፣ በቴሌግራም ስም ብቻ የሚታወቅ ሻጭ ላይ ማን ያስፈጽመዋል? አዲስ አበባ ያለ ገዢ ቢያንስ ተመልሶ ሄዶ ይጨቃጨቃል። ገለጉ ያለው ዕቃውን በገንዳ ውኃ፣ በጎንደር አድርጎ ልመልስ ቢል፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን እንኳ የትራንስፖርቱ ወጪ ትርፉን ይበላዋል። ሻጩም ይህን ያውቃል። ካርቶኑ ላይ ያለው ውሸት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ከከተማ የራቀውን ነው።

ስለዚህ ዕቃው ሳይላክ ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ ያለ የምታምኑት ሰው ሄዶ ይይላችሁ። ግድግዳ ላይ 70 ኢንች ያስከፍተው፤ የጽሑፍ ገጽ አውጥቶ ትንንሾቹ ፊደላት ከአራቱም ጥግ መነበባቸውን ይይ። ግማሽ ሰዓት ያሠራው፤ መጋሉንና የማራገቢያውን ጩኸት ይስማ። ኔቲቭ ሪዞሉሽኑን ደረሰኙ ላይ ያጽፍ። ያንን ለመጻፍ እምቢ ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አዋጥታችሁ የምትገዙት በአንድ የአረም ወይም የአጨዳ ወቅት ፀሐይ ላይ ተቁሞ በተገኘ ብር ነው። ያ ብር ግማሽ ሰዓት ፈተሻ ይገባዋል።